ከነጩ አመድ በላይ

ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ምድር አስተምራለሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር ከበሩ እስከ ቢሮው ያለው የመንገድ ዳር ድንጋይ ሁሉ ኖራ ይቀባል፤ ሽንት ቤቱ ግን እንደገማ ይከርማል። ይህ ልማድ ሁልጊዜም ያስጠላኛል። አንድ ታላቅ እንግዳ በተጠበቀበት ሳምንት ደግሞ ኖራው ሲያልቅ ወደ እኔ ድንጋዮች ዞሩ።

ድንጋዮቹን ሦስት በጋ ሙሉ ጭልጋ አካባቢ ካለ ገደል ቆፍሬ ነው ያመጣኋቸው። ድሮ የረግረግ ጭቃ የነበረ፣ ዛሬ በቢላ ጫፍ ሲነካ በስሱ የሚላጥ ድንጋይ ነው፤ ሲከፈት ሰው የሚባል ፍጡር ሳይኖር የረገፈ ቅጠል ከነጅማቱ ይወጣል። ገደሉን መሐል ለመሐል ነጭ የእሳተ ገሞራ አመድ ያቋርጠዋል። ከአመዱ በታች የተገኘ ቅጠል ይቀድማል፣ ከበላዩ የተገኘ ይከተላል። ስለዚህ የወጣበት ቦታ እዚያው ገደሉ ሥር መጻፍ አለበት። ቦታው የጠፋ ቅጠል ለግድግዳ ጌጥ ካልሆነ ለምንም አይረባም።

ጠዋት ስገባ ሁሉም በልብስ ሳሙና ተፈትገው ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። የወጡበትን ቦታ እንዲያሳይ በማርከር የጻፍኩት ቁጥር ሰማያዊ እጣቢ ሆኖ ወደ ቦዩ ይፈሳል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያሳጥባሉ።

«ምን ያስደነግጥሻል? እንግዳ ፊት ጭቃ ይቀርባል?» አሉኝ።

«ቁጥሩስ?»

«እንደገና ጻፊዋ!»

ፊታቸውን ማየት ቀፈፈኝ።

ሁሉንም ማስታወሻዬ ላይ ከሣልኳቸው ሥዕሎች ጋር እያመሳሰልኩ ቁጥራቸውን መለስኩላቸው። አንዱ ብቻ እምቢ አለ፤ የግራር ፍሬ የሚመስል፣ ዘሮቹ ተራ በተራ የሚቆጠሩ ረጅም ፍሬ፣ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጠው። አብረውኝ ከሚቆፍሩ አዛውንት ጋር ያገኘነው በመጨረሻው ቀን ነበር። መኪና እንዳያመልጠኝ ተጣድፌ የወጣበትን ቦታ ድንጋዩ ጀርባ ላይ ብቻ ሞነጫጨርኩና «ባሕር ዳር ስደርስ ማስታወሻዬ ላይ እገለብጠዋለሁ» አልኩ። አልገለበጥኩትም። ኃላፊውን ስረግም እርግማኑ ግማሹ ለእኔ ይገባ ነበር።

እንግዳው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በድንጋይ ቅጠል ላይ የጨረሱ ሊቅ ናቸው። ፍሬውን አነሡ፣ ማጉያቸውን አውጥተው ዘሮቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ይኸ ከአመዱ በላይ ነው በታች?»

አላስታውስም ማለት ነበረብኝ። ከታች ከሆነ ግን በአገራችን ከተገኙት ወገኖቹ ሁሉ ቀዳሚ ይሆናል።

«በታች» አልኩ።

ፊታቸው በራ፤ ጻፉት። በዚያው ቀን ሐይቁ ዳር ምሳ ተጋበዝን። እምቦጩ ዳር ላይ በስብሶ ይከረፋል፣ የተጠበሰው ዓሣ ፊቴ ቀርቧል፣ እሳቸው ደግሞ «ከማንም በፊት ስምዎ የሚጠራበት ጽሑፍ እናወጣለን» እያሉ ያመሰግኑኛል። ኃላፊያችን በኩራት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዓሣውን ሳልነካው ሽታውን አመካኝቼ ተነሣሁ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ወደ ጭልጋ ሄድኩ። ገደሉ ያለበት መሬት ባለቤት እነዚያው አብረውኝ ይቆፍሩ የነበሩት አዛውንት ናቸው። እንደዋዛ ጠየቅኋቸው፤ ውስጤ ግን ከታች በሉኝ እያለ ይለምናቸው ነበር።

«ያንን ፍሬ? በእጄ ፈልቅቄ የሰጠሁሽን?» አሉ። «ከነጩ በላይ ነው እንጅ። እዚያች ላይ ቁሜ።» ቦታውን በከዘራቸው አሳዩኝ። ድንጋዩ የወጣበት ጉድጓድ አልተደፈነም። «ምነው፣ ከላይ ሲሆን ይረክሳል?»

«አይረክስም አባባ» አልኩ። እውነቴን ነበር። የረከስኩት እኔ ነኝ።

ስመለስ ሐሙሲት ላይ መኪናው ለሻይ ቆመ። ስልኬን አውጥቼ ለሊቁ ጻፍኩ፦ «ድንጋዩ ያለፈቃዴ በመታጠቡ ቁጥሩ ጠፍቶ ስለነበር ቦታውን ተሳስቻለሁ።» አነበብኩት። ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሳሙናው ያላከከ። በሕይወቴ እንደዚያ መልእክት ያቅለሸለሸኝ ነገር የለም። አጠፋሁትና፣ «የፍሬው ቦታ ከአመዱ በላይ ነው። ሲጠይቁኝ አላውቀውም ነበር፤ ሆነ ብዬ ዋሸሁ» ብዬ ላክሁ።

መልሱ ሻዩን ሳልጨርስ ደረሰ። «እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። እንግዲያው የሌሎቹንም ድንጋዮች ቦታ መቀበል ያስቸግረኛል።»

ሌሎቹ በሙሉ ትክክል ነበሩ። እያንዳንዳቸውን ገደሉ ሥር ተንበርክኬ፣ በሜትር ለክቼ ነው የመዘገብኳቸው። ይህንኑ ልጽፍላቸው ጀመርኩና ተውኩት፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምንም።