ለዘጠኝ ቁጥሩ ያለቀስን ዕለት

ዛሬ ጠዋት ተማሪዎቼ የትምህርት ቤቱን ኳስ ሞራ ሲቀቡ ሽታው ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ እስከ መማሪያ ክፍሉ ገባ። የቆዳ ኳስ ሞራ ካልጠገበ በዚህ በዳንግላ ዝናብ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይህን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ጠመኔዬን ግን አስቀመጥኩ። የቀለጠ ሞራና የእርጥብ ቆዳ ሽታ ሳይጠይቀኝ እንጅባራ ወሰደኝ፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ለከተማው ቡድን በግራ ተከላካይነት ወደምጫወትበት ጊዜ።

መጀመሪያ ስለ ቡድናችን አጥቂ ልንገርህ፤ አለዚያ የሆነው ነገር አይገባህም። ዘጠኝ ቁጥሩ ነበር የምንለው። በኳስ ዘጠኝ ቁጥር ማልያ የሚለብሰው ከሁሉም ፊት የሚሰለፈው፣ ጎል የሚጠበቅበት ሰው ነው። የተወለደው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ከአገው ገበሬ ቤት ነው። ከእኛ ጀምሮ ወደ ዳንግላ፣ ከዳንግላ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ወደ ማርቆስ ሄደ። የሚያጫውተው ከተማ ሥራ ይፈልግለታል፤ አንዱ ጋ ዘበኛ፣ ሌላው ጋ ተላላኪ፣ ሌላው ጋ የመኪና ረዳት ሆነ። የአዲስ አበባ ትልልቅ ቡድኖች አልጠሩትም፤ ይጠሩኛል ሲልም ሰምቼው አላውቅም። ታኬታውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጭነት መኪና ሲወርድ የገበያው ሰው «ዘንድሮስ የማን ነህ?» ይለዋል። እየሳቀ «ምሳ የሚጋብዘኝ ካለ የእሱ» ይላል።

አባቱ ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበሩ። በዚያ አገር ሰርጉም ለቅሶውም ያለ ፈረስ አይሆንም፤ ወንድ ልጅም የሚታየው በኮርቻ ላይ ነው። ለልጃቸው ያሳደጉት አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ልጁ ለኳስ ብሎ ከቤት ሲወጣ ፈረሱን የራሳቸው መቀመጫ አደረጉትና፣ ኮርቻ ተዘርግቶለት ጭቃ ውስጥ ቆዳ የሚያባርር ልጅ አልወለድኩም አሉ። የእንጅባራ ሜዳ ከቤታቸው ሩቅ አልነበረም። አንድም ቀን መጥተው አላዩትም። እርሱ ግን ጎል ባገባ ቁጥር ፈረሶች ወደታሰሩበት ወደ ሜዳው ዳር ዓይኑን ይወረውር ነበር። ስለዚህ ነገር የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከታኬታችን ላይ ጭቃ እየፋቅን ሳለ።

«አንድ ቀን ቆመው ቢያዩኝ፣ ከዚያ ወዲያ ባቆምም አይቆጨኝም» አለ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከማርቆስ የመጣ ሾፌር የቡድን መሪያችን ሱቅ በር ላይ ቆመ። መሪያችን ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁም መሰብሰቢያችን ነው። ሾፌሩ የማርቆስን ተጫዋቾች የጫነ መኪና አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጦ አንድ ሰው መሞቱን ነገረን። ማን እንደሆነ ስንጠይቀው ስሙን አላውቅም፣ ዘጠኝ ቁጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ አለ። እዚያው እንደተቀበረም ጨመረ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ከዚያ በላይ የጠየቀ የለም። ለእኛ ዘጠኝ ቁጥር ማለት አንድ ሰው ነበር።

ሽማግሌዎች ንጋት ላይ ሄደው አባቱን አረዷቸው። በማግስቱ እርሳቸው ራሳቸው ሱቁ ድረስ መጡ። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ልብስና ዕቃ ይወጣል፤ ፈረሱ ይሸለምና ዕቃው ኮርቻው ላይ ተደርጎ በለቅሶተኛው መካከል ይዞራል። የልጄ ማልያ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። መሪያችን ለእኛ ሲጫወት ይለብሰው የነበረውን ከሣጥን አወጣላቸው። ቁጥሩን በጣታቸው ዳሰሱትና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁን። ያኔም ማስረዳት እወድ ነበር፤ የልብስ ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ በረኛውን፣ ተከላካዮቹን፣ አጥቂዎቹን አሳየኋቸው። ከፊት ያለችውን ቁልፍ አንስተው መዳፋቸው ላይ ያዟት።

«ከሁሉም ፊት?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ከሁሉም ፊት።»

ቁልፏን አልመለሷትም።

ለቅሶው የተደረገው ከሐይቁ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ የእርጥብ በርኖስና የፈረስ ላብ ይሸታል። እኛ የቡድኑ ልጆች ማልያችንን ለብሰን ተሰለፍን። ዳማው ፈረስ ተሸልሞ፣ ያ ማልያ ኮርቻው ላይ ተዘርግቶ መጣ። ልጓሙን የያዙት አባቱ ነበሩ። በአገውኛ ያለቅሳሉ፣ ሕዝቡ እየተቀበለ ደረቱን ይመታል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አገውኛ የማውቀው ለገበያ ያህል ነው። ከጎኔ የቆመችው ሴት ትርጉሙን በጆሮዬ ነገረችኝ።

«ልጄ ከሁሉም ፊት ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ፣ ነው የሚሉት።»

በዚህ መካከል ከመኪና መንገዱ በኩል ሌላ ለቅሶ ተሰማ። እዚያ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከሩቅ ጀምሮ እያለቀሰ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ዞሮ ያየ አልነበረም። «አባቴ፣ ወይኔ አባቴ» ይላል ድምፁ። ሕዝቡ እንደ ደንቡ መንገድ ከፈተለት። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ፣ ደረቱን እየደቃ በአጠገቤ አለፈ። ደረቱ ላይ የሚወዛወዘውን ታኬታ ያየሁት ያኔ ነው።

እርሱ ነበር።

ኋላ ሲነግረን፣ ቤቱን ለማየት ከመኪና እንደወረደ የአባቱን ፈረስ ተሸልሞ አየ። ሩቅ የከረመ ልጅ የአባቱን ፈረስ በለቅሶ መካከል ሲያይ ሌላ ምን ያስባል? አባቱ የሞቱ መሰለው። እያለቀሰላቸው መጣና ከፈረሱ አንገት ሥር ቀና ሲል፣ ልጓሙን ይዘው ለእርሱ የሚያለቅሱትን አባቱን ፊት ለፊት አገኛቸው።

ሴትየዋ ጥፍሯን ክንዴ ውስጥ ቀበረች። የፊተኞቹ እያማተቡ ወደ ኋላ ሸሹ፣ ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ፤ የኋለኞቹ ግን ምንም ስላላዩ ደረታቸውን መምታት አላቆሙም። አባትና ልጅ አልተቃቀፉም። ከመካከላቸው የሚሰማው ፈረሱ የሚያኝከው የልጓም ብረት ብቻ ነበር። አባቱ እጃቸውን ዘርግተው የልጁን ጉንጭ ነኩ፣ ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ደረቱን። ቀጥሎ ወደ እኛ ዞሩ፤ ለምን ወደ እኛ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ይሞቃል» አሉን።

እልልታው ያኔ ፈነዳ። ፈረሰኞቹ ወደ ሜዳው ወጥተው ጋለቡ፣ መሪያችን መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀም አለቀሰም። ዘጠኝ ቁጥሩ ግን ኮርቻው ላይ የተዘረጋውን ማልያ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀ። መሪያችን ስለ መኪናው፣ ስለ አባይ በረሃ፣ ሾፌሩ ስላለው ነገረው። ፊቱ አመድ መሰለ።

ከጉዞው በፊት ማርቆስን ትቶ ባሕር ዳር ለሚጫወት ቡድን ገብቶ ነበር። የማርቆስን ዘጠኝ ቁጥር ማልያ ያወለቀ ዕለት ከወለጋ በኩል ለመጣ አዲስ ልጅ በገዛ እጁ አልብሶታል። ለልጁ ሰፊ ስለነበር እጅጌውን እንደጠቀለለለት ተናገረ።

እልልታው ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። በመደሰታችን ሁላችንም አፈርን። አባቱ ያ ልጅ እዚህ አገር የሚያለቅስለት እንዳለው ጠየቁ፤ ማንም እንደሌለው ልጃቸው ነገራቸው። አንድም ቃል ሳይጨምሩ ልጓሙን ጨብጠው ፈረሱን ወደ ሕዝቡ መለሱት። አስለቃሹ ሟቹን ከነአባቱ ጠርቶ ማልቀስ ነበረበትና ስም ጠየቀ። ዘጠኝ ቁጥሩ የልጁን ስም ተናገረ። የአባቱን ስም ሲጠየቅ ግን ወደ ማልያው ዞረ።

«አልጠየቅኩትም» አለ።

«በኔ ጥሩት» አሉ አባቱ።

አሁን ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ የአባት ስም ዘልዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን አይተነው ለማናውቅ ልጅ፣ በሌላ ሰው አባት ስም፣ ጉሙ ተነሥቶ ሐይቁ ፀሐይ እስኪመታው ድረስ አለቀስን። መሪያችን የልጁን ዘመዶች እንዲፈልጉ ወደ ማርቆስ ላከ። ያግኟቸው አያግኟቸው አልሰማሁም።

ዘጠኝ ቁጥሩ ለቅሶው እስኪነሣ ተቀምጦ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። ከዚያም በኋላ ብዙ ከተማ ዞሮ ተጫውቷል፤ አባቱ ሜዳ መጥተው አላዩትም። የሄደ ዕለት ግን እስከ መኪናው መንገድ በእግራቸው ሸኙት። መኪናው ሲቆም ልጃቸውን ሳይሆን ሾፌሩን ተጠጉና በሩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንዱን አልቅሼ ቀብሬአለሁ» አሉት። «ይሄኛውን ቀስ ብለህ አድርስልኝ።»