ለዘይነባ ፍሪጅ ወደ ገዳሪፍ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ መተማ

ጎህ ሲቀድ ድልድዩን በእግሬ ተሻገርኩ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፤ በትከሻዬ የመሣሪያ ቦርሳ፣ በእጄ የተጠቀለለ የፍሪጅ በር ጎማ ይዣለሁ። ገላባት ላይ የሱዳኑ ወታደር ጎማውን ጎተት አድርጎ፣ «ደ ሹኑ?» ብሎ ምንነቱን ጠየቀኝ።

«የእህቴ ፍሪጅ ጎማ ነው» አልኩት በተሰባበረ ዓረብኛዬ። አሳለፈኝ።

እህቴ ዘይነባ ገዳሪፍ ከባሏ ከሑሴን ጋር ሱቅ አላት። ስኳር ስላለባት በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች። መብራት እየጠፋ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶባት፣ ሐኪም ቤት ተኝታ ነው የወጣችው። ፍሪጁ ካልተስተካከለ ትዳሯንም ሱቋንም ትታ ከእኔ ጋር ትመለሳለች።

4 ሰዓት፣ መንገድ ላይ

ግራና ቀኝ ማሽላ፣ ትራክተር፣ ከጎንደር የወረዱ ሰሊጥ አጫጆች። ከአገራችን የሚሻገረው የኤሌክትሪክ መስመር አብሮን ይሄዳል። ሾፌሩ ኢድሪስ መተማ ሲመላለስ አማርኛ ለምዷል።

«ጦርነት ሸሽቶ የመጣው ሰው ሁሉ ገዳሪፍ ነው። ይኼ መስመር ለማን ይድረስ?» አለኝ።

ዶካ ላይ ፉል በላን።

9 ሰዓት፣ ገዳሪፍ

ዘይነባ ከስታለች። ሑሴን ጣሪያውን አሳየኝ።

«ሁለት ሶላር ሰቀልኩ፤ ባትሪው ግን ሌሊቱን አይዘልቅም። ሌላ ሁለት ልጨምር?»

«ቆይ እስቲ።»

የፍሪጁ በር ላይ ወረቀት አስገብቼ ዘጋሁ። ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ፤ ቅዝቃዜው በዚያ ሲፈስ ነው የሚያድረው። ፍሪጁም ፀሐይ ካጋለው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ሶላሩ ደግሞ አቧራ ለብሷል። ጎማውን ቀየርኩ፣ ፍሪጁን ወደ ጥላ ሳብነው፣ ሶላሩን አጠብን፣ አሮጌዎቹን አምፖሎች ብዙ መብራት በማይበሉት ተካሁ።

«በቃ? ይኼው ነው?» አለ ሑሴን።

እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

እሑድ፣ ሱብሒ

የከተማው መብራት ማታውኑ ጠፍቷል። ከንጋቱ ሶላት በፊት ሦስታችንም ፍሪጁ ፊት ቆምን። ሞተሩ ይሠራል። ዘይነባ በሩን ከፍታ ውስጥ ያለውን ቴርሞሜትር አነበበች።

«አምስት ዲግሪ» አለች ቀስ ብላ። ኢንሱሊኑን በመዳፏ ያዘችው፤ ቀዝቃዛ ነው። «ኸላስ፣ በቃ፣ የትም አልሄድም።»

ሑሴን ጀርባውን ሰጥቶን ዓይኑን ጠረገ።

ማክሰኞ፣ መተማ

ባትሪው ሰኞም ሌሊቱን ዘለቀ፤ ዛሬ ተመለስኩ። እናቴ ለዘይነባ አልጋ አንጥፋ በር ላይ ቆማለች። ብቻዬን ስታየኝ ደነገጠች።

«ልጄስ?»

«ደህና ናት፣ እማ። ሱቋን ከፍታ እየሸጠች ነው የተለየኋት።»

እናቴ ገብታ ባነጠፈችው አልጋ ላይ ተቀመጠች፤ ከብዙ ቀን በኋላ ትንፋሿን በረጅሙ ስትለቅ ሰማኋት።