ለኮች የተላኩት ሽማግሌዎች

«እርስዎ» ማለት ትንፋሽ ይጨርሳል ብሎ ያስተወን እሱ ራሱ ነው። ኮሌጁ ውስጥ አስተማሪውን ሁሉ እርስዎ እያልን፣ ዕድሜው ከአባቶቻችን ብዙም የማያንሰውን አሰልጣኛችንን ብቻ አንተ እንለው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ከኋላ ሆኜ «ኮች፣ ትንሽ ይጠብቁኝ!» ብዬ ስጮህ ዞር አለና «አንቺ፣ ይህን ሁሉ ፊደል ከምትደረድሪ እግርሽን አንሺ» አለኝ። ስሙን ጠርተነው አናውቅም። ኮች ነበር፤ ለእኔ እስከ ዛሬም ኮች ነው።

የሴቶች ዱላ ቅብብል ቡድን ነበርን። እኔ ሦስተኛዋ ሯጭ ነኝ፤ ማንም የማያስታውሳት ማለት ነው። ጀማሪዋን ሰው ሁሉ ያያታል፣ ጨራሿን ሰው ሁሉ ይሸከማታል፤ ሦስተኛዋ ዱላ ትቀበላለች፣ ዱላ ትሰጣለች፣ አለቀ። ኮች ግን ሩጫ የሚበላሸው ሦስተኛዋ ጋ ነው እያለ ከሁሉም አብልጦ የሚጮኸው በእኔ ላይ ነበር። ያን ጩኸት እንዴት እንደምናፍቀው ለሰው ብናገር ይስቅብኛል። አሁን ደብረ ኤልያስ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። እኔ ነኝ በሰው ላይ የምጮኸው፤ በእኔ ላይ የሚጮህ የለም።

ደንብ ይጥስ ነበር። ይህን የምለው ድምፄን ዝቅ አድርጌ አይደለም። የደብረ ማርቆስ ብርድ ጆሮ በሚቆርጥበት ማለዳ፣ የኮሌጁ በር ሳይከፈት፣ ጥበቃውን ለምኖ ያስወጣናል። ምግብ ከካፌ ማውጣት ክልክል ነው፤ እሱ ግን በሁዳዴ የጾመኞቹን ምሳ በሰሃን ሸፍኖ ቢሮው ይወስድና እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጋቢው ጠቅልሎ ያቆይልናል። ከቅዳሴ ስንመለስ ሽሮው ለብ እንዳለ ይጠብቀናል። ጋቢው ሽሮ ሽሮ እየሸተተ በማግስቱ ለብሶት ሲመጣ እርስ በርሳችን እየተያየን እንስቅ ነበር። እሱም ለምን እንደምንስቅ ያውቃል፤ «ሳቅ ለሳንባ ጥሩ ነው» ብሎ አንድ ዙር ይጨምርብናል።

ዋናው ጥፋቱ ግን ጨራሿ ናት። የቁይ ልጅ ነበረች፤ ስትሮጥ የሚደርስባት አልነበረም። በትምህርቷ ወድቃ ተሰናበተች። ቁይ ብትመለስ ደግሞ ባል ተመርጦላት፣ ጠላው ሊጠመቅ ቀን እየተቆረጠ ነው። እንደገና ለመግባት አመለከተች፤ መልስ ሳይመጣ ከረመ። ኮች ታዲያ ምን አደረገ? ከእኛ ጋር እያደረች፣ ከእኛ ጋር እየበላች፣ ከእኛ ጋር ልምምድ እንድትሠራ ፈቀደ። በኮሌጆች ውድድር ቀንም ማሊያውን አለበሳት። «ያሰናበቱት ጭንቅላቷን ነው፤ እግሯን ያሰናበተ የለም» አለ። አንደኛ ወጣን።

የተሸነፉት ከሰሱ። እውነታቸውን ነው። ሁለተኛ የወጣው ቡድን ጨራሽ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ፤ እሷም እንደኛው በብርድ እየተነሣች ነው የከረመችው። እኔ ብሆን እኔም እከስ ነበር። ዋንጫውን ይመልሱ፤ ኮችንም ይቅጡት፤ ከፈለጉ ዓመት ሙሉ ሜዳ አይርገጥ። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ከሥራ ማባረር ግን ሌላ ነገር ነው። ጣቱ ለቆሰለ ሰው ክንዱን ይቆርጡለታል እንዴ?

የኮሌጁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይባረር፣ አይባረር ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ኮች «ማመልከቻዋ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ተማሪ ናት ብዬ ነው» ብሎ ተከራከረ፤ ነገሩ አሳማኝ ነው ያሉም ነበሩ። ጉዳዩ ሲጓተት፣ የእኛም ልብ ሲንጠለጠል ሰነበተ። አሁን ሳስበው ዝም ብንል ኖሮ በማስጠንቀቂያ ያልፍ ነበር። እኛ ግን የገበሬ ልጆች ነን። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይላካል፤ ሌላ መንገድ አናውቅም። የሁለተኛዋ ሯጫችን አባት የደብረ ኤልያስ ገበሬ ናቸው፤ ስንቱን ደም ያደረቁ፣ በአገሩ የታወቁ አስታራቂ። ነገርናቸው። አንድ ቄስና አንድ ጎረቤታቸውን አስከትለው ማርቆስ ድረስ መጡ።

የኮሌጁ ዲን ከሌላ አገር የመጣ ትሑት ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹን ከቢሮው ደጅ ሲያያቸው ወንበር አስመጣ።

«አባቶች፣ እባካችሁ አረፍ በሉ።»

«የመጣንበትን ሳይሰጡን አንቀመጥም» አሉ የጓደኛችን አባት። «ልጃችን አጥፍቷል። ይቅር ይበሉልን።»

ልጃችን ያሉት ኮችን ነው፤ ከዚያን ቀን በፊት አይተውት እንኳ አያውቁም። በእኛ አገር ሽማግሌ «አጥፍቷል» ሲል የእርቁን በር መክፈቱ ነው። አላጠፋሁም የሚል ሰው ምኑን ይታረቃል? ኮችን አስጠሩት። እኛ ራቅ ብለን ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመን እናያለን። መጥቶ መስቀል ተሳለመ። የጓደኛችን አባት ይቅርታ ጠያቂ የሚሸከመውን ድንጋይ ከመሬት አነሡ።

ኮች ድንጋዩን ሲያይ ለአፍታ ቆም አለ። ምን እየመጣበት እንደሆነ ከሁላችንም ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። ግን ሦስት ሽማግሌ ለእሱ ብለው ያን ሁሉ መንገድ መጥተው እንዴት ያሳፍራቸው? ጎንበስ አለ። ድንጋዩን በትከሻው ተቀበለና «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለ።

ዲኑ ደንግጦ ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደለት። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አልዋሽበትም። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ተቀመጡ። መረቁ። እኛ ከባሕር ዛፉ ሥር እልል አልን፤ የቁይዋ ልጅ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው፤ እየሣቁ ነው የተሳፈሩት።

በሳምንቱ ኮች ከሥራ ተሰናበተ። ኮሚቴው የተከፈለው ጥፋቱን አላመነም ተብሎ ነበር፤ አሁን ግን ዲኑም የቢሮው ጸሐፊም እየሰሙ በአንደበቱ አምኗል። ዲኑን ለመጠየቅ ስንገባ «እኔ ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ» አለን። «ደንቡ ግን የእኔ አይደለም።» ተናደድሁ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ድንጋዩን በገዛ እጅህ ያወረድህለትን ሰው ታባርረዋለህ?

ኮች ሜዳው ላይ ተሰናበተን። ማናችንንም አልወቀሰም። «ሽማግሌዎቹ እንዳይሰሙ። ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት» አለ። ከዚያ አፍጥጠን ስንቀር ጊዜ «ምን ትገተራላችሁ፤ ሩጡ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሮጥን። ዞረን ስንመለስ ሄዷል።

የቁይዋ ልጅ ማመልከቻዋ ተፈቅዶላት ተመለሰች፤ ኮች ከሄደ በኋላ። አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፤ ደንብ ያከብራል፤ በሁዳዴ ቀዝቃዛ ሽሮ በላን። የኮች ስልክ መጀመሪያ ሰሞን ይሠራ ነበር። «እጅሽን እየወረወርሽ ነው ወይስ እየጎተትሽ?» ይለኛል፤ ሌላ ወሬ አያውቅም። በኋላ ኔትወርክ ጠፍቶ ከረመ፤ ሲመለስ የእሱ ቁጥር አልተመለሰም። አንዱ ባሕር ዳር ነው ይላል፣ ሌላው ጉንደ ወይን ላይ አይቼዋለሁ ይላል። ጉንደ ወይን ሁለት ጊዜ ወርጄ ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቀው አላገኘሁም። ተማሪዎቼን ሜዳ ላይ ሳስሮጥ አንዳንዴ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ከኋላዬ መጥቶ ቢጮህብኝ ብዬ ነው። እንደዚህ የምመኘው ሌላ ነገር የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ የጓደኛዬን አባት አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

«የልጄ ጓደኛ አይደለሽም? እኮ ያ ያስታረቅነው አስተማሪያችሁ እንዴት ነው? ሥራው ላይ ነው?»

ልጃቸው ቃሏን ጠብቃ አልነገረቻቸውም። እኔም አልቻልሁም።

«አለ አባባ። ዛሬም ያስሮጣል።»

ፊታቸው በራ። «አየሽ! ስንቱን አስታርቄያለሁ፤ እንደ እሱ ደስ ያለኝ ግን የለም። እንዴት ያለ ጨዋ ነው፤ ገና ድንጋዩን ሳነሣ ጎንበስ አለልኝ። በይ፣ ስታገኚው ያ ሽማግሌ ሰላም ብሎሃል በይልኝ።»

«እሺ አባባ፣ እነግረዋለሁ» አልኋቸው። የት እንዳለ አላውቅም።