ሦስት እርግጫ

ሲያንታር ከተማ ገብታችሁ ጃራመን ሳራጊ የት ናቸው ብትሉ የሚያሳያችሁ ሰው አታገኙም። ሰውዬው ስለማይታወቁ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ሰው የመጀመሪያ ልጁን ከሳመ በኋላ በገዛ ስሙ የሚጠራው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብቻ ስለሆነ ነው። «የላስማ አባት» በሉ ግን፣ ዓሣ ሻጯ ቢላዋዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ትጠቁማችኋለች። «ያውላችሁ! ከዋርካው ሥር፣ አሮጊቷ ላይ የተቀመጡት!»

አሮጊቷ ሚስታቸው አይደሉም፤ ሞተር ብስክሌታቸው ናት። ቢኤስኤ የምትባል የፈረንጅ ሥሪት! በትልቁ ጦርነት ጊዜ ለወታደር ተሠርታ፣ ወታደሩ ሲሄድ እዚሁ የቀረች። አባታቸው ከአንድ የሻይ እርሻ ሹም ገዙና ጎኗ ላይ የመንገደኛ ጋሪ ገጠሙላት፤ ቤቻክ ሆነች። ከእሳቸው በሰባት ዓመት ትበልጣለች። «ታላቄ ባትሆን ኖሮ ስንት ጊዜ በሰደብኳት» ይላሉ።

የልብስ ስፌት ቤቴ በር ከቤቻኮቹ ሰልፍ ፊት ለፊት ነው። እነሆ ሃያ ስድስት ዓመት የማያልቅ ትርዒት በነጻ ሳይ ኖሬአለሁ። ዋናው ትርዒት ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የአሮጌ ሞተር ነጂዎች ማን ቀድሞ መንገደኛ ይጭናል ብለው አይጣሉም፤ ሕግ አላቸው። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ፣ ያደረ ቀዝቃዛ ሞተሩን በሰው ሁሉ ፊት በእግሩ ያስነሳል። የተፈቀደለት ሦስት እርግጫ ነው። ከተነሳለት ቦታውን ይይዛል። ካልተነሳለት ሞተሩን እየገፋ ወደ ሰልፉ ጭራ ይሄዳል፤ ጓደኞቹም «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» እያሉ እንደ ሕፃን ይሸኙታል።

ቀላል እንዳይመስላችሁ! አሮጌ ሞተር ቁልፍ አዙሮ መሄድ የለውም። ነዳጁን ትከፍታላችሁ። ካርቡሬተሩን በጣት እየነካካችሁ እስኪያንጠባጥብ ታጠጡታላችሁ። መሪው ላይ እሳቱን የምታዘገይ ትንሽ ማንሻ አለች፤ እሷን ወደ ኋላ ትመልሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው እርግጫው። ከእነዚህ አንዱን የረሳን ሰው ወይ ታኮርፈዋለች ወይ ትመታዋለች። የላስማ አባት ግን ሁልጊዜ በአንድ! አንዴ ሲረግጧት የዋርካው ወፎች በሙሉ ብድግ ይላሉ።

ወጣት ሳሉ ያደረጉትን ልንገራችሁ። ለገና በዓል የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ወደ ላይኛው ሰፈር ይወሰድ ተባለ። መኪና ጠፋ። እሳቸው ኦርጋኑን ጋሪው ላይ ጫኑት። ኦርጋን መቺው «ያለ እኔ አይሄድም፣ ይሰበራል» ብሎ አብሮ ወጣና፣ መሰበር አለመሰበሩን ለማረጋገጥ መንገዱን ሙሉ ይመታው ጀመር። መዘምራኑ ከኋላ ተከተሉ። ድዱም፣ ድዱም፣ ድዱም እያለች ወፍራሙን ድምፅ የምታወጣው አሮጊቷ ነበረች! ከመዘምራኑ መሃል አንዲት ረጅም ልጅ ወደ ኋላ እንዳትቀርባቸው የላስማ አባት ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ ቀነሱ፤ በመጨረሻ ሞተሯ ግላ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች። ያቺ ረጅም ልጅ ናት ዛሬ የላስማ እናት የምንላት።

እንግዲህ አዲሶቹ መጡ። ቁልፋቸው በአውራ ጣት ሲነካ የሚነሱ፣ ቀጫጭን፣ የሚያብረቀርቁ። ነጂዎቻቸው ከማዶ፣ ከባንኩ በኩል ተሰለፉ። አሮጌዎቹ ከዋርካው በኩል ቀሩ።

«ላኤ!» ይላል ከዋርካው በኩል ቱምፓል፣ የላስማ አባት የረጅም ዘመን ባልንጀራ። ላኤ እኛ አገር ወንድ ወንዱን የሚጠራበት ነው፤ ፍቅሩም ስድቡም እሱው ውስጥ ይገባል። «ላኤ፣ ሞተርህ ተነስቷል ወይስ ገና እያሰበበት ነው?»

«ተነስቷል አንተ ደንቆሮ! ያንተ ሞተር ጆሮህን በልቶት ነው!» ይላል ከባንኩ በኩል አንዱ።

«ይሄማ ሞተር አይደለም፤ የስፌት መኪና ነው!»

«ቱምፓል!» እላለሁ ከሱቄ በር ላይ። «የስፌት መኪናን በዚህ ነገር እንዳታነሳት!»

«ይቅርታ እመቤቴ። የአንቺስ ቁም ነገር ትሠራለች።»

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አዲሶቹ በሁሉ ነገር ይሻላሉ። ወገብ አይሰብሩም፣ ሱሪ ዘይት አያስነኩም፣ ነዳጅ ይቆጥባሉ። ግን ሰው የሚሻለውን ነው እንዴ የሚወደው?

አምና በዝናቡ ወር አንድ ቀን ማለዳ የላስማ አባት ማንሻዋን ሳይመልሱ ረገጡ። የረሱት በኔ ነው። ላፔት የምንለውን የሩዝ ቂጣ ትኩሱን ከሙዝ ቅጠሉ ሳይወጣ ላቀብላቸው ሮጬ «ብሉ፣ ሳይቀዘቅዝ!» ብዬ እጃቸውን ያዝኳቸው። እጃቸው ወደ ላፔቱ ሄደ፤ እግራቸው ግን እጃቸውን ሳይጠብቅ በልማዱ ረገጠ። መርገጫው ተስፈንጥሮ ተመለሰና ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ አጥንታቸው ተሰበረ። ድምፁን እኔ ሰምቻለሁ።

አራት ወር በጄሶ ተኙ። አሮጊቷ በቱምፓል ግቢ ተከተተች። ላስማ ከሜዳን ከተማ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጣች። እኔ ገንፎ ይዤ የሄድኩ ቀን ነው አባትና ልጅ የገጠሙት።

«አባዬ፣ አሁን እኮ ሞተር በአውራ ጣት ነው የሚነሳው።»

«አውራ ጣቴንስ ብሰብር?»

«አባዬ!»

«እሺ፣ ተናገሪ።»

«ሰባ ሊሞላህ ነው። ሥራህን ተው አላልኩም። ጋሪውም ይቆይ። ሞተሩን ብቻ እንቀይር።»

«ሞተሩን ብቻ አለች! ሰውዬው ይቆይ፣ ልቡን ብቻ እንቀይር በይኛ!»

ላስማ አለቀሰች። ልጃቸው ስታለቅስ አይችሉም። እንዲህ አሉ፦ «እግሬ በዳነ በወሩ፣ ሰልፉ ላይ፣ በሕጉ። ቀዝቃዛ ሞተር፣ ሦስት እርግጫ። ከተነሳች ስለ አውራ ጣት ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። ካልተነሳች ያልሽውን ሞተር ግጠሚልኝ፤ ቃል አልናገርም።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት። ይቺ ልብስ ሰፊም ምስክር ናት።»

ምስክር! ይኸው ምስክሯ ያደረገችውን ስሙ። ከቀኑ አንድ ቀን በፊት ከቀትር በኋላ ቱምፓል ሱቄ ገባና በሩን ዘጋው።

«የዚያን ሰውዬ እግር አይተሽዋል?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ። ሸንበቆ ሆኗል።»

«የሞቀ ሞተር በሕፃን እግርም ይነሳል። እኔ ጎህ ሲቀድ ግቢዬ ውስጥ አስነስቼ አሞቃታለሁ። አጥፍቼ እየገፋሁ አመጣታለሁ። አንቺ ሙቀቷን የሚይዝ ሽፋን ስፊልኝ። ዝናብ እንዳይነካት ነው እንላለን።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ላፔቱ ትዝ አለኝና ሁለት እጥፍ ጥጥ አስገብቼ፣ በሕይወቴ እንደሱ ተጠንቅቄ ሰፍቼ የማላውቀውን ስፌት ሰፋሁ።

ቀኑ ደረሰ። ከባንኩ በኩል ያሉት አዲሶቹ ነጂዎች እንኳ ሞተራቸውን አጥፍተው መጡ። ላስማ አጠገቤ ቆማ ክንዴን ይዛኛለች። የላስማ አባት ለእሁድ የሚለብሱትን ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በከዘራ መጡ። ሽፋኑን ገለጡ። እንደ ወትሯቸው ሰላም ሊሏት መዳፋቸውን ሞተሯ ላይ አሳረፉ።

መዳፋቸው እዚያው ቀረ። ቱምፓልን አዩት። ቱምፓል ዋርካውን አየ። የላስማ አባት ሄደው የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ምነው አባዬ? አመመህ?» አለች ላስማ።

«አላመመኝም። እየጠበቅኩ ነው።»

«ምን?»

«ትቀዝቅዝ።»

ላስማ ወደ ሞተሯ ሄዳ ነካቻት። ከዚያ ወደ ቱምፓል ዞረች፤ ከዚያ ወደ ሽፋኑ፤ ከዚያ ወደ ኔ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ላኤ፣ መንገደኛው እኮ እየሄደ ነው!» አለ ቱምፓል።

«ይሂድ። እኔ የተዋዋልኩት ቀዝቃዛ ሞተር ነው።»

ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ማንም ቦታውን ጥሎ አልሄደም። ዓሣ ሻጯ ዓሣዋን ለዝንብ ትታ መጣች። በየመሃሉ የላስማ አባት ተነስተው ይነኳትና ተመልሰው ይቀመጣሉ። በመጨረሻ «አሁን» አሉ።

ነዳጁን ከፈቱ። ካርቡሬተሩን አጠጡ። ማንሻዋን መለሱ፤ ሁላችንም በዓይናችን አብረን መለስናት። ከዘራቸውን ለላስማ ሰጡና ረገጡ።

እንቅልፉ እንደተረበሸ ሽማግሌ «እህ» አለችና ተወች።

ሁለተኛውን ረገጡ። አሳላት! ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ሦስት ጊዜ ያህል ድዱም አለች፤ ቱምፓል ኮፍያውን ወደ ላይ ወረወረ። ኮፍያው ሳይወርድ ሞተሯ ጠፋች።

ሦስተኛው ላይ ጉልበታቸው ከመንገድ ታጠፈ። መርገጫው ግማሽ እንኳ አልወረደም።

«አንድ ጨምር አባዬ» አለች ላስማ። ጭራሽ እሷ! «እኔ ፈቅጃለሁ።»

«አንቺ የምትፈቅጂው ማን ሆነሽ ነው? ሦስት ነው።»

የላስማ አባት ዙሪያውን ቃኙ። «ምን ይዘጋችኋል? ሕጉ ለኔ ሲሆን ተረሳ? ዘምሩ እንጂ!»

ቱምፓል ጀመረ። ከአዲሶቹ ነጂዎች አንዱ ተቀበለው። ከዚያ ሁሉም፣ ዋርካውም ባንኩም፣ ቀስ ብለው፣ በእርግጥ ሕፃን የሚያስተኙ ይመስል፣ «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» አሉ። እሳቸው ሞተሯን ወደ ሰልፉ ጭራ ገፉ፤ ላስማ ከኋላ እያለቀሰች ገፋች።

በሳምንቱ ጋሪው ላይ አዲስ ሞተር ተገጠመ። የመጀመሪያዋ ከፋይ መንገደኛ እኔ ነበርኩ። ሁለት መንገድ አለፍን፤ አዲሱ ሞተር አይሰማም፤ እንዲያ ያለ ጸጥታ በቤቻክ ላይ አይቼ አላውቅም።

«ሽፋኑን አንቺ ነሽ የሰፋሽው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

«ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር።» ትንሽ ሄድን። «እንደሞቀች ባስነሳት፣ በማግስቱ ማን ሊያሞቅልኝ ነው? ቱምፓል በየጎሁ እየተነሳ እስኪሞት?»

ሌላም ቅሬታ ነበራቸው። «ስሚ፣ አርባ አምስት ዓመት ሰው ጭኜ ስሄድ መንገደኛ እንደሚናገር አላውቅም ነበር። ትናንት አንዲት ሴትዮ ሙከራ ላይ ተሳፍራ የምራቷን ጉድ በሙሉ ዘረገፈችልኝ። ምን አደረግኳት?»

አሮጊቷን ሊገዛ ከጃቫ ደሴት ድረስ አንድ ሀብታም መጣ። ቀለም ቀብቶ ሳሎኑ ውስጥ ሊያቆማት ነው። «ዘይት ታንጠባጥብብሃለች» አሉት። «ዘይቱን እናወጣዋለን» አለ። በዚያው ሸኙት።

በዋርካው በኩል የቀሩት አሮጌ ሞተሮች አሥራ አንድ ናቸው፤ አንዱም ምሉዕ የለም። የላስማ አባት አንድ ቅዳሜ ከዛፉ ሥር ሸራ አንጥፈው አሮጊቷን ፈቷት። ላስማ አጠገባቸው ተቀምጣ ብሎኑን አንድ በአንድ በነዳጅ ታጥብ ነበር። ካርቡሬተሩ ለአንዱ፣ የኋላ ጎማው ለሌላው፣ ሰንሰለቱ ለሌላው፤ እሳት ሰጪዋ ለቱምፓል ደረሰችው። ቱምፓል ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፤ ያን ዕለት አንድም ቀልድ ከአፉ አልወጣም።

አሁን የላስማ አባት የሚቆሙት ከዋርካው በኩል፣ ከሁሉም ኋላ ነው። አሮጌዎቹ ተነስተው ሳያልቁ አውራ ጣታቸውን አያነሱም። ባለፈው ማለዳ ጋሪያቸው ውስጥ ተቀምጬ «እንሂድ እንጂ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው» ብላቸው እጃቸውን አንስተው ከለከሉኝ።

«ዝም በይና ስሚ። ያቺ ሦስተኛዋ፣ ከመነሳቷ በፊት የምታዛጋዋ፣ ካርቡሬተሬ ነው። ያቺ ደግሞ... ያቺ እሳቴ ናት። ለየሽው?»

እውነት ለመናገር ለኔ ሁሉም አንድ ጩኸት ነው። ሽፋኑን ከሰፋሁ ወዲህ ግን እሳቸውን ማታለል ትቻለሁ። «ምንም አልለየሁም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ነገም ቀደም ብለሽ ነይ» አሉኝ።

ሄድኩ።