አሚን የጎደለው ዱአ

ድምፅ መቅዳትና ማጥራት ማንም አላስተማረኝም። ዱባይ፣ አል ሙራቃባት ሰፈር፣ ቢድ ስፔስ በምንላት የኪራይ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በራሴ ጭንቅላት የተማርኩት ሙያ ነው። በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ የሚኖሩት ኢኑይቶች የሽማግሌዎቻቸውን ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ እያኖሩ ቋንቋቸውን እንደሚያቆዩ ባነበብኩ ጊዜ «የወሎን ደግሞ እኔ አኖረዋለሁ» አልኩ። ኮሮና ቤት ሲዘጋብን ሌላው ሲተኛ፣ እኔ ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን ያሉትን የሀገሬን ሰዎች በስልክ እያሰባሰብኩ መንዙማውን፣ የሠርግ ዘፈኑን፣ እንጉርጉሮውን ቀዳሁ። እንደኔ የጠራ ቅጂ ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ የወሎ ዱበርቲዎች፣ ዱአ አድራጊዎቹ እናቶች፣ ምጥ ለያዛት ሴት የሚያደርጉት ዱአ። ከመካከላችን ሙሉውን የምታውቀው ሻርጃ፣ ሙዋይለህ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። በቡድን ጥሪ ቀዳኋት። ከሥር «አሚን» የሚሉትን ሴቶች እንደ ጫጫታ ቆጥሬ ቆርጬ አወጣሁ፤ ዋናውንም ቅጂ ቦታ እንዳይዝብኝ አጠፋሁት። የጠራውን ላኩላት።

በማግሥቱ የአስር ሶላት እንደተሰገደ ደወለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ጋሼ፣ አሚኑን የት አደረሱት?»

«አጠራሁት። ድምፅሽ ብቻውን ሲያምር አልሰማሽም?»

«ምኑ ያምራል? አሚን የሌለው ዱአ የት ይደርሳል? ያጥፉት! ዋላሂ፣ ለሰው ቢያሰሙት አልምርዎትም።» ሳል አቋረጣት። «ኮሮና ይዞኛል። ማዳም አምቡላንስ ጠርታለች።»

ዋናውን ቅጂ ማጥፋቴ ትዝ አለኝ። «አሁኑኑ እንድገመው» አልኳት።

«ያለ አሚን ባይ አፌ አይከፈትም።»

አሚን ባዮቹን ሴቶች በአንድ ጥሪ አስገባኋቸው። «ማይካችሁን ክፈቱ!»

«ትናንት ጫጫታችሁ አላሠራኝም ብለውን አልነበር?» አለች ከመካከላቸው የአጅማኗ።

«ያላ፣ ቶሎ በሉ፣ ቀልዱን ተይው!»

ታማሚዋ ዱአውን ጀመረች። ከአጅማን ማጠቢያ ማሽን ይጮኻል፣ ከዱባይዋ ሙሀይስና ድስት ይንኳኳል፤ ሴቶቹ በየመሃሉ «አሚን» ይላሉ። ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት ቆመች። የሞተች መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አላሉም።»

«እኔ ቀጂ ነኝ እኮ!»

«ቀጂ አሚን አይልም?»

በስልኳ ውስጥ በር ሲንኳኳ ይሰማኛል። ማዳም በዐረብኛ ትጣራለች። «አሚን!» ብዬ ጮኽኩ። ቀጠለች፤ ጨረሰች። «ኸላስ፣ አለቀ» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

ከሆስፒታል የደወለችው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ቆረጡት?» አለችኝ።

«ሳልሽንም፣ በሩንም፣ ምኑንም አልነካሁ።»

አሰማኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ከሁሉም የሚጮኸው የእርስዎ አሚን ነው» አለች።

እውነቷን ነው።