የአንዲት ተማሪ ድምፅና አድማጮቿ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬን አለፍ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ መምህር ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ እየወረድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ጥናቴ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ የሙዚቃ ትምህርት ለልጁ ምን ይጨምርለታል? ሁለተኛ፣ ልጁ ሲዘፍን የሚሰማው ሰውስ ምን ያገኛል? ይህንን ሚኒባስ ውስጥ ለአንድ ገበሬ ሳስረዳ፣ «ምነው መምህር፣ ዘፈን ለማስተማርም ደመወዝ ይከፈላል?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ።

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስድስተኛ ክፍል የነበረች፣ ድምጿ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማ ነበር። ትንፋሽ ግን ያጥራታል፤ ዘፈኑ መሐል ላይ ይቆረጥባታል። ስለዚህ በቅደም ተከተል አስተማርኳት። መጀመሪያ ትንፋሽን ከሆድ መሳብ። ቀጥሎ የመጨረሻዋን ቃል ሳይጥሉ ቀስ አድርጎ ማውረድ። ከዚያ ተቀባዮቹ እስኪጨርሱ ዝም ብሎ መጠበቅ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ልጆች ዝምታ ያስፈራቸዋል። የምንለማመደው የገብስ እሸት ዘፈን ነበር። እሷ «ገብሱ አሸተ በሉ» ስትል ክፍሉ «አሸተ!» ብሎ ይቀበላታል። ከኋላ አንዱ ሲያናፋ ጓደኛው፣ «ዝም በል፣ አህያ ይመልስልሃል!» ይለዋል። እሷም በሳቅ ታቋርጥና እንደገና ትጀምራለች።

በዚያው ዓመት ታላቅ ወንድሟ ታሞ ሰንብቶ አረፈ። ተማሪዎቹን ይዤ ልቅሶ ሄድኩ። የአካባቢው ሙሾ አውራጅ አርጅተዋል፤ ድምፃቸው እየተሰበረ ሰው መቀበል አቃተው። ያን ጊዜ ልጅቱ ተነሳች። ትንፋሿን ከሆዷ ሳበች፣ ወንድሟን በስሙ ጠራች፣ የመጨረሻዋን ቃል ቀስ አድርጋ አወረደች፣ ቆማም ጠበቀች። ድንኳኑ በሙሉ ተቀበላት። ማራኪ ስለ አድማጭ ስንማር በሐሳቤ የሚመጣው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ሰው ነበር። እዚያ ግን ዝም ብሎ የሚሰማ አንድም ሰው አላየሁም።

አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ማን አስተማራት?» አሉ። ወደ እኔ ጠቆሟቸው።

«ሸጋ አስተምረሃል፣ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር እሷን ማስጠራት ተለመደ። ከየቀበሌው መልእክተኛ ይመጣባታል። ከክፍል ትቀራለች፤ ስትመለስም ድምጿ ሻክሮ፣ ዓይኗ አብጦ ነው። እናቷን ላነጋግር ቤታቸው ሄድኩ።

«መምህር» አሉኝ፣ «የኔ ልጅ ሲሞት አገሩ ሁሉ ሥራውን ጥሎ አለቀሰልኝ። አሁን ‹ልጅሽን ስደጂልን› ሲሉኝ በምን አፌ እንቢ ልበል?»

«ትምህርቷስ?»

«ትምህርቱ ነገም አለ። ሬሳ ነገን ይጠብቃል?»

አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። የወንድሟ ሙት ዓመት ሲያልፍ በወላጆች ቀን እንድትዘፍን ይፍቀዱልኝ፤ ያ ድምፅ ከልቅሶ ሌላ አንድ ቦታ ይኑረው። «እሺ፤ እኔም መጥቼ እሰማታለሁ» አሉ።

ሙት ዓመቱ አለፈ፣ የወላጆች ቀንም ደረሰ። ሴቶቹ ከፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ጥቁሯን አውልቃ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቆመች። «ገብሱ አሸተ በሉ» አለች። እንደዚያ አምሮላት ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ «አሸተ!» አሉ። ሁለተኛውን ስንኝ ስታነሳ ከፊት ካሉት ሴቶች አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። አጠገቧ ያለችው ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ሴቶቹ በግልጽ ያለቅሱ ነበር። በዚህ ድምፅ አባት ወይም ልጅ ያልቀበሩ በመካከላቸው ጥቂት ናቸው። እናትየው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው መሬት መሬቱን ያያሉ። ልጅቱ አቆመች። ልጆቹም የሚቀበሉት አጡ። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሽልማቱ አለፈ።

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ብቻዋን አገኘኋት።

«አበላሸሁ፣ መምህር?»

«አላበላሸሽም።»

«ምነው ታዲያ አለቀሱ? ቃሉ እኮ የደስታ ነው።»

ማስረዳት ይቀናኛልና አስረዳኋት። ሰው ቃሉን ከመስማቱ በፊት ድምፁን ይለያል፤ ያንቺን ድምፅ ደግሞ የሚያውቁት በልቅሶ ነው፤ ስትጀምሪ የሞቱባቸው ይመጡባቸዋል አልኳት። እስክጨርስ ድረስ አዳመጠችኝ።

«እኔ ሌላ ድምፅ የለኝማ» አለች።

ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ከተቀባዮቹ መካከል ትቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ግን ምንም አይሰማም። ልቅሶ ሲጠሯት ትሄዳለች።