«ትጾማለች» ያልኩ ቀን

ልጄ የደም ካንሰር ይዟት ሆስፒታል መመላለስ ከጀመርን ስድስተኛ ወራችን ነበር። የምትከታተለን ሲስተር ሁለት ሳምንት ቤታችሁ አርፋችሁ ተመለሱ ብላ ስትልከን፣ «እንቁላል፣ ወተት፣ ያገኘሽውን ሁሉ አብሊያት። ሰውነቷ ካልጠነከረ የሚቀጥለውን መድኃኒት አትችለውም» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሆስፒታል ውስጥ እሺ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላውቅም።

ቤታችን ከገነተ ማርያም በታች ነው፤ ከመኪና ወርደን አንድ ሰዓት በእግር። ልጄን አዝዬ የገባሁ ቀን ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ፍልሰታ በእኛ አገር የልጆች ጾም ነው። በሌላው ጾም ጓዳ ገብተው የሚቀምሱት እንኳ በፍልሰታ እናታቸውን ቀድመው ይጾማሉ፤ ነጭ ለብሰው በጭቃው እየተንሸራተቱ ቅዳሴ ይሄዳሉ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አምና ከፊት ሆና የምትሄደው እሷ ነበረች።

የንስሐ አባታችንን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። እምቢ ቢሉኝስ ብዬ ፈራሁ። ጠይቄ ከልክለውኝ ባበላት ትእዛዝ መጣስ ነው፤ ሳልጠይቅ ባበላት ግን አለማወቅ ነው ብዬ አሰብኩ። እግዜርን እንደ ቀበሌ ሹም ላታልለው ነው እንግዲህ።

እንቁላሉን ከድንች ጋር በአንድ ድስት እቀቅለዋለሁ፤ ሰው ቢገባ ድንች ነው። ቅርፊቱን አድቅቄ አመድ ውስጥ እቀብረዋለሁ። እሷን ነጠላዬን አከናንቤ አበላታለሁ።

«እማ፣ ለምን ተሸፍኜ?»

«የሰው ዓይን እንዳያርፍብሽ።»

«እዚህ ማን አለ?»

«ዝም ብለሽ ብዪ።»

በላች።

ጾሙ በገባ በአምስተኛው ቀን ጎረቤቴ ልትጠይቀን መጣች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ገብስ ቆሎ ቋጥራ መጥታ ልጄ ፊት ፈታችና «አንቺ መቼም አትበዪውም፤ እኔው ቆርጥሜው እሄዳለሁ» አለቻት። ልጄ ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ምን ትቀምሳለች?» አለችኝ።

«ትጾማለች» አልኩ።

ማንም አላስገደደኝም። «የቻለችውን» ብል ይበቃ ነበር።

እትዬ ተነሥታ ፀጉር የሌለውን የልጄን ራስ ሳመች፤ ጉንጯንም ሳመች። «እኛ ደህነኞቹ ዘጠኝ ሰዓት አልደርስ አለ እያልን ስንነጫነጭ፣ ይቺ ታማ ትጾማለች። ለኛም ትለምኝልናለሽ፣ እደጊ» ብላ መረቀቻት። እኔ አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ለማንም በአፌ ያልተናገርኩት ይህንን ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ቤቴ የሚገባው ሰው ሁሉ ምን በድላ ነው ልጇ የታመመችባት ብሎ በዓይኑ የሚጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን የተመሰገነች ልጅ እናት ሆንኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። በአፏ ዳር የአስኳሉ ቢጫ ደርቆ ነበር።

በማግስቱ እንቁላሉን ስሰጣት ገፋችው።

«እጾማለሁ» አለች።

«የታመመ ሰው አይጾምም።»

«ለእትዬ ትጾማለች ብለሻታል። ከበላሁ አንቺ ውሸታም ትሆኛለሽ።»

ለመንኳት። ተቆጣኋት። ወተቱ ላይ ስኳር ጨመርኩበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፤ ከዚያም ሁለት ጉርሻ ሽሮ ነው። መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። አጥሩን ተሻግሬ ለእትዬ «ዋሽቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር። ሦስት ቀን አልሄድኩም። ልጄ የኔን ስም ለመጠበቅ ስትራብ፣ እኔም የራሴን ስም እየጠበቅሁ ሦስት ቀን ቆየሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ደጅ ላወጣት ሳነሣት ጉልበቷ ታጠፈ። አልጋው ላይ መልሼ አስተኛኋትና ወደ ንስሐ አባቴ ሮጥኩ። መቋሚያቸውን ይዘው ከቤታቸው ሲወጡ ደረስኩባቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«የታመመች ሕፃን ናት፤ ጾሙ አይመለከታትም። ይህን ለመስማት ነው ይህን ያህል ቀን?»

«ፈርቼ ነው፣ አባቴ።»

«ማንን? እግዜርን?»

«እርስዎን።»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። «ስመጣ ጠበል ረጭቼ እሄዳለሁ እንጂ ምን ትበላለች ብዬ አልጠየቅኩሽም» አሉ በኋላ። «በይ ቅደሚ። ያቺንም ጎረቤትሽን ጥሪያት።»

እትዬ ጥጥ ስትፈትል ነበረችና እንዝርቷን እንደያዘች መጣች። ልጄ ፊት ቆሜ፣ «ያን ቀን ዋሽቻለሁ። እንቁላል አበላት ነበር» አልኩ።

«አፏ ላይ አይቼዋለሁ እኮ» አለች እትዬ። «ስስማትም ሸቶኛል። ድንች እንዲያ አይሸትም።»

«ታዲያ ለምን መረቅሻት?»

«ምርቃቱ ለሷ ነው። ላንቺ መስሎሽ ነበር?»

ልጄ ወደ ንስሐ አባታችን ዞረች። «አባ፣ እማ ውሸታም ናት?»

«ዛሬ አይደለችም» አሏት።

እንቁላሉን ራሳቸው ላጡላት። ቅርፊቱ አልጋው ላይ ተበተነ። እኔ ልለቅመው ጎንበስ ስል እትዬ በክርኗ ገፋ አደረገችኝ፤ «ተይው፣ ይታይ» አለች። ልጄ ግማሹን በላች። ነጠላ አልተከናነበችም።

ሆስፒታል ስንመለስ ሲስተሯ ሚዛን ላይ አወጣቻት። ኪሎዋ ቀንሷል። መድኃኒቱ ለአንድ ሳምንት ተላለፈ። ያቺ ሳምንት በልጄ ደም ውስጥ ምን እንደሠራች ማንም አልነገረኝም፤ እኔም እስካሁን መጠየቅ እፈራለሁ።

«እንዳልኩሽ አብልተሻታል?» አለችኝ ሲስተሯ።

«አዎ» ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች አየችኝ። ያንን አስተያየቷን አውቀዋለሁ።

«ሦስት ቀን አልበላችም» አልኩ። «በኔ ምክንያት ነው።»

ሲስተሯ ካርዱ ላይ ጻፈችው። ልጄ ከሚዛኑ ወርዳ ተቀመጠችና ጫማዋን እንዳደርግላት እግሯን ዘረጋችልኝ።